«ናፈቀኝ» በእንግሊዝኛ

መምህር ወልደ ሚካኤል ሠልጣኝ ሲሳሳት አይቆጣም። እርሳሱን ጠረጴዛ ላይ ያንኳኳል። አንድ የአማርኛ ቃል ካመለጠህ አንድ ጊዜ ኳ። በ1975 ዓ.ም. ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ለማስተማር ይሠለጥኑ የነበሩ ዕጩ መምህራን ከደወሉ ይልቅ ያችን እርሳስ ይፈሩ ነበር።

ሕጉ አጭር ነው። በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ የለም። ውሃን ለማስተማር ውሃ ማሳየት፣ ሩጫን ለማስተማር መሮጥ ነው።

«እንግሊዝ አገር የተወለደ ሕፃን አስተርጓሚ አለው እንዴ?» ይላል መምህሩ፣ በእንግሊዝኛ።

«እናት አለችው» አለ አንድ ቀን ፈንታሁን ከኋላ።

ክፍሉ ሣቀ። መምህሩም ፈገግ አለና እርሳሱን ሁለት ጊዜ አንኳኳ።

ፈንታሁን ከወረኢሉ የመጣ ረጅም ልጅ ነው። ሠልጣኞቹ እርስ በርስ በሚለማመዱበት ሰዓት «ሀንግሪ» የሚለው ቃል ደረሰው። ጓደኞቹ ተማሪ መስለው ተቀምጠዋል። ሆዱን ይዞ አጎነበሰ፤ ፊቱን አጨማደደ።

«ቁርጠት!» አለ አንዱ።

ኳ።

«ምጥ!» አለች ሌላዋ።

ኳ።

«ኧረ ራበኝ ነው!» ብሎ ጮኸ ፈንታሁን። እርሳሷ ለጥቂት ጊዜ አላረፈችም።

ከክፍል ሲወጡ መምህሩ በረንዳው ላይ በአማርኛ አስረዳቸው። በረንዳ ላይ ይፈቀዳል።

«እኛ 'ራበኝ' ስንል አድራጊው ረኃቡ ነው። 'በረደኝ' ብትሉም፣ 'አመመኝ' ብትሉም ያው ነው። ነገሩ መጥቶ ያገኘናል። እንግሊዝኛ ግን ሰውየውን ያስቀድማል። የሚራበው እሱ ራሱ ነው። ተማሪዎቻችሁ እዚህ ላይ ይገለብጡታል፤ ተጠንቀቁ።»

ከሠልጣኞቹ አንዷ ዐሊማ በሺር ይህን ስትሰማ አልደነቃትም። ቋንቋ ሲገለበጥ እየሰማች ነው ያደገችው።

አባቷ በሺር የተወለደው ዐደን ነው። እንግሊዝኛውን የለመደው ልጅ ሳለ ወደቡ ላይ ዕቃ ሲያወርድ ነው። ደሴ መጥቶ አረብ ገንዳ ላይ የጨርቅ ሱቅ ከፈተ፤ የሐርቡዋን ሸሪፋን አገባ። አማርኛው ግን ሴትና ወንድ አይለይም። ልጁን «አንተ ዐሊማ፣ ና!» ብሎ ይጠራታል። ገበያተኛ ዋጋ ሰምቶ ፊቱን ሲያዞር ከኋላው «ዌይት! ዌይት!» ይላል፤ ጠብቅ ማለቱ ነው። ለሰኞ ገበያ የሚመጡ የገጠር ሰዎች ስሙ ይመስላቸው ነበር። «ከዌይት ሱቅ ነው የገዛሁት» ይላሉ። ዌይት ከተባሉት ውስጥ ግን ብዙዎቹ አይጠብቁም፤ ይሄዳሉ።

ትርፍ ቤት ሲወረስ ሱቁ የቀበሌ ሆነ። በሺር በተከታዩ ዓመት አሰብ በሚወርድ የጭነት መኪና ተሳፍሮ ሄደ። ከባሕሩ ማዶ፣ ሁደይዳ ወደብ፣ ወንድሙ ዘንድ ያስቀመጠው ዕቃ ነበረው፤ ይዤ እመለሳለሁ አለ። ዐሊማ ያኔ ስድስተኛ ክፍል ነበረች። ኮምቦልቻ ድረስ ወርዳ ሸኘችው። መኪናው ሲንቀሳቀስ በጋቢናው መስኮት አንገቱን አወጣ።

«አብሽር፣ ዐሊማ! ዌይት!»

ጠበቀች። ከሌሎቹ ትምህርቶች ሁሉ እንግሊዝኛን አጥብቃ የያዘችው በዚሁ የተነሣ ነው። ሲመጣ እሱ ከወደብ በለመደው ቋንቋ ልታነጋግረው ነበር።

በሺር አሁን በሳንቡቅ ጀልባ ባሕሩን እያቋረጠ አሰብ ድረስ ይመጣል ይባላል። ዕቃ ያራግፋል፣ ዕቃ ይጭናል፤ ከወደቡ ግቢ ለመውጣት ግን ፈቃድ የለውም። ይህን የሚያወሩት የአሰብ መስመር ሾፌሮች ናቸው። ዐሊማ አንድ ጊዜ ወደ አሰብ የይለፍ ወረቀት እንዲሰጧት ቀበሌ ሄዳ ነበር።

«ወደብ ምን አለሽ?» አሏት።

አባቴ ብትል፣ ከአገር የወጣ ነጋዴ ልጅ መሆኗን በገዛ አፏ ማስመዝገብ ነው። ጥያቄዋን ትታ ወጣች።

ስለዚህ የቀረላት ኮምቦልቻ ብቻ ነበረች። ከአሰብ የሚመጣ መኪና ሁሉ ኮምቦልቻን ሳይረግጥ ደሴ አይወጣም። በሺር ፈቃዱን ያገኘ ዕለት መጀመሪያ የሚወርደው እዚያ ነው። ያን ዓመት ደግሞ የኮምቦልቻ አንድ ትምህርት ቤት የእንግሊዝኛ መምህር ፈልጓል ተባለ። በማስተማር ልምምድ አንደኛ የወጣ ሠልጣኝ ያለ ዕጣ ይመደብበታል። የቀረው ዕጣ ያወጣል፤ የት እንደሚወድቅ አላህ ያውቃል።

«ኮምቦልቻን ማግኘት አለብኝ» አለች ለእናቷ።

ሸሪፋ ምስር እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም።

«አባትሽ ባሕር ተሻገረ፤ አንቺ አስፋልት ትጠብቂያለሽ።»

«ይመጣላ፣ እማ።»

«ቢመጣስ? ቤቱ ደሴ እንደሆነ ጠፍቶት ነው? መንገድ የሚያሳየው አስተማሪ ይፈልጋል?»

«እኔ ነኝ ቀድሜ ላየው የምፈልገው።»

ሸሪፋ ከምስሩ ውስጥ ጠጠር አውጥታ ወረወረች።

ለልምምዱ ኮምቦልቻ የተመደቡት ዐሊማና ፈንታሁን ነበሩ። ጠዋት ጠዋት አብረው በአውቶቡስ ይወርዳሉ። ደሴ ላይ የተለበሰ ሹራብ የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ጨርሰው ሲወርዱ ይወልቃል። የሁለቱም ክፍል ስድስተኛ ነው፤ የእሷ ሀ፣ የእሱ ለ።

ማታ ከመመለሷ በፊት ዐሊማ ወደ ጎሚስታው ታልፋለች። የአሰብ ሾፌሮች ጎማ የሚያስጠግኑት እዚያ ነው። ከሁሉ የቆየው ጀማሉዲን ነው፤ በሺርን ያደረሰውም እሱ ነበር።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሽ ጀማሉዲን።»

«ወዐለይኩሙ ሰላም፣ የዌይት ልጅ! እንዴት ነሽ?»

«አልሐምዱሊላህ። አገኙት?»

«አገኘሁት። ወፍሯል ወላሂ። እንደዚህ ጎማ ነው የተነፋው።»

«ምን አለ?»

«ዐሊማን ሰላም በልልኝ አለ።»

«መቼ እመጣለሁ አለ?»

«ኢንሻ አላህ አለ። አብሽሪ።»

ከዚህ የተለየ ወሬ መጥቶ አያውቅም። እሷም ከዚህ የተለየ ጠይቃ አታውቅም።

መምህር ወልደ ሚካኤል ወርዶ የሚፈትንበት ሳምንት ደረሰ። ለዐሊማ የወጣላት ምንባብ ሁለት ጓደኛሞች ለክረምት ሲለያዩ የሚነጋገሩት ነው። አዲሱ ቃል «ሚስ» ነበር፤ መናፈቅ።

«እንግዲህ ጉድሽ ፈላ» አላት ፈንታሁን አውቶቡሱ ውስጥ። «ናፍቆት በምን ይታያል? ብታለቅሺ የጥርስ ሕመም ነው ይሉሻል።»

«አንተ ምን ደረሰህ?»

«ዶሮ።»

«እስቲ አሳየኝ።»

ፈንታሁን ክንዱን እንደ ክንፍ አጠፈና ጮኸ። ከፊት የተቀመጡ አንዲት ባልቴት ዘወር ብለው አዩት። «ያ አላህ! መምህር ነው የሚሆነው ይኼ?» አሉ።

ለናፍቆት ዐሊማ መላ አግኝታለች። የፈተናው ቀን ጠዋት፣ መምህሩ ከኋላ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ ኢስሐቅ የሚባለውን የክፍሉን አጫዋች አስነሥታ ከበር ውጭ አቆመችው። አጠገቡ የሚቀመጠውን ጀላልን ባዶውን የወንበር ጫፍ አሳየችው። በሩን በጣቷ አመለከተች። እጇን ደረቷ ላይ አደረገች።

«አይ ሚስ ኢስሐቅ» አለች ቀስ ብላ።

ጀላል ባዶውን ቦታ አየ። በሩን አየ። ገባው።

«አይ ሚስ ኢስሐቅ።»

«ውሸቱን ነው!» አለ ኢስሐቅ ከውጭ በመስኮት።

ክፍሉ በሣቅ ተሞላ። ኳ፣ ኳ አለች እርሳሷ፤ የመምህሩ ከንፈር ግን ፈገግታ ይዞ ነበር። ዐሊማ አስተዋለችው። ልጆቹን አስደገመቻቸው። እሷ የምትለውን ሁሉ በአንድ ድምፅ እንዲቀበሉ ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አስለምዳቸዋለች። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው የሦስቱ ጢማም የሶሻሊዝም አባቶች ሥዕል በታች ያሉት ሁሉ አፋቸውን ከፍተው ጮኹ። ኢስሐቅ ተመልሶ ገባ። አንድም የአማርኛ ቃል ከአፏ ሳይወጣ ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ ምንም አልቀረውም።

አሁን የራሱን ዐረፍተ ነገር የሚሠራ ማን ነው? ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀች።

መርየም እጇን አወጣች።

መርየም እጇን አውጥታ የማታውቅ ልጅ ናት። ታላቅ ወንድሟ ዘይኑልአቢዲን ሚሊሽያ ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ወዲህ ወሬው የለም። ይህን ለዐሊማ የነገረቻት ራሷ ነበረች፣ አንድ ቀን ጠመኔ ስታቀብላት። ተነሥታ ቀሚሷን አስተካከለች።

«ማይ ብራዘር ሚስስ ሚ።»

መምህር ወልደ ሚካኤል ቀና አለ። ዐረፍተ ነገሩ ነቀፋ የለውም። የስድስተኛ ክፍል ልጅ ሁሉ የሚረሳትን፣ ከቃሉ መጨረሻ የምትቀጠለውን «ስ» እንኳ አልረሳችም። ራሱን በአዎንታ ነቀነቀና አንድ ነገር ጻፈ።

ዐሊማ «ቬሪ ጉድ» ልትል አፏን ከፈተች። ያች ቃል ብቻ ነበረች የቀረቻት። ከዚያ ደወሉ ይደወላል፤ ኮምቦልቻ የእሷ ትሆናለች።

ቃሏ አልወጣም። ልጅቷ ያለችው ወንድሜ ይናፍቀኛል ነው። «ናፈቀኝ»ን እንደ «ራበኝ» ቃል በቃል አሻግራ፣ አድራጊውን ወንድሟን አደረገችው። በእንግሊዝኛ የወጣው ግን ሌላ ነው፤ እሱ እኔን እያሰበ ይናፍቃል ሆነ። ከጦር ሜዳ ወሬው ያልተሰማ ልጅ ስለ እህቱ የሚያስበውን የምታውቅ አስመሰላት።

«ሁ ሚስስ ሁ?» አለች ዐሊማ። ማን ማንን? መርየምን አመለከተች፤ መስኮቱን አመለከተች።

መርየም ድምፄ አልተሰማም ይሆናል ብላ ጮክ አለች። «ማይ ብራዘር ሚስስ ሚ!»

ልጆቹ ይህም ልምምድ መሰላቸው። «ማይ ብራዘር ሚስስ ሚ!» ብለው በአንድ ድምፅ ተቀበሉ።

«ኖ፣ ኖ» አለች ዐሊማ።

«ኖ፣ ኖ!» አለ ክፍሉ።

ዐሊማ ጠመኔውን አስቀመጠች።

«መርየም፣ ቆዪ እስቲ። ወንድምሽ ነው የናፈቀሽ ወይስ አንቺ ነሽ የናፈቅሽው?»

እርሳሷ ቃል በቃል ተከተለቻት። ኳ፣ ኳ፣ ኳ።

«እሱ ነዋ የናፈቀኝ፣ ቲቸር» አለች መርየም። ጥያቄው ገርሟታል። «እኔ ልናፍቀው አልናፍቀው በምን ዐውቄ?»

እርሳሷ ዝም አለች።

ዐሊማም ቆመች። መቀጠል ነበረባት፤ ዕቅዱ ላይ ቀጥሎ ምን እንዳለ ታውቃለች። ልጅቷ ያለችው ጆሮዋ ውስጥ ቀረ። እሷ ራሷ ስድስተኛ ክፍል ከነበረችበት ጊዜ ጀምሮ አባቴ ናፈቀኝ ስትል ኖራለች፤ ያንኑ ቃል እሱም የሚለው ይመስላት ነበር። ናፍቄው ይሆን ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ወደ ሰሌዳው ዞራ «አይ ሚስ ማይ ብራዘር» ብላ ጻፈች። መርየም አነበበችው። ደወሉ ተደወለ።

መምህር ወልደ ሚካኤል በረንዳው ላይ ጠበቃት።

«ዐረፍተ ነገሩ ልክ ነበር። ምን ነካሽ?»

«ልክ ነው፤ ግን እሷ ያሰበችው አይደለም፣ መምህር።»

«ሰዋስው እንጂ ሐሳብ እንድታርሚ ማን አዘዘሽ? ነገ በሥዕል ልታሳዪያት ትችይ ነበር። በኋላ በረንዳ ላይ ልትጠይቂያት ትችይ ነበር።»

«እችል ነበር።»

«አንደኛ ነበርሽ» አለ። እርሳሱን ከጆሮው ላይ አውርዶ ኪሱ ከተተ። «እኔ ራሴ ልብ አላልኩትም። ልጅቷ ስትናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ሕጉን እኔው አውጥቼ እኔው ልሽረው? ፈንታሁን እንኳ በዶሮው አንድም አማርኛ አልተናገረም።»

«ገባኝ፣ መምህር።»

ፈንታሁን ኮምቦልቻን አገኘ። ለዐሊማ ቢስቲማ በዕጣ ወጣላት። ከደሴ በሰሜን ምሥራቅ ናት፤ የአሰብ መኪና አያልፍባትም።

የምደባው ማስታወቂያ የተለጠፈ ዕለት ፈንታሁን ሰኞ ገበያ ላይ ከሕዝብ መሀል አገኛት። ትከሻ ለትከሻ እየተገፉ ነው ያወሩት።

«እንቀያየር» አለ። «ሁለት ሰው ከተስማማ ይፈቀዳል፤ እስከ ዓርብ መፈረም ብቻ ነው። እኔ ኮምቦልቻ ምን አለኝ? ሙቀቱ ደግሞ ያሳክከኛል።»

«ከልብህ ነው?»

«ዶሮ ሆኜ ያገኘሁትን አገር ልኮራበት እንዴ? ውሰጂው።»

ዐሊማ ሣቀች። ከፈተናው ወዲህ የመጀመሪያ ሣቋ ነበር። «ነገ እነግርሃለሁ» አለችው።

በማግሥቱ ብቻዋን ወረደች። ጀማሉዲን ጎሚስታው ደጃፍ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጎማው በመዶሻ ይደበደባል።

«የዌይት ልጅ! ሰላም ብሎሻል።»

«ጋሽ ጀማሉዲን፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በአላህ፣ እውነቱን ይንገሩኝ።»

«ጠይቂ።»

«ስሜን ይጠራል?»

ጀማሉዲን ጎማውን አየ። «የአገር ሰው ሁሉ ሰላም በልልኝ ይላል።»

«ስሜንስ?»

የሚደበድበው ሰው መዶሻውን አሳረፈ። ጀማሉዲን ቀጥል የሚል ምልክት በእጁ ሰጠው።

«እኔ ነኝ የምጨምረው» አለ። «እዚህ ቆመሽ ሳይሽ ምን ልበል? ባዶ እጄን ልምጣ?»

«ሁልጊዜ?»

«ኧረ አይደለም! የመጀመሪያ ሰሞን እሱ ራሱ ነበር የሚለው፣ ወላሂ። 'አንተ ዐሊማ' እያለ። ኋላ ኋላ ግን… ሰው ነው እኮ። እዚያም ልጆች አሉት።»

ዐሊማ መንገዱን አየች። ሸራ የለበሱ ሦስት ከባድ መኪኖች ወደ አሰብ ወደሚወርደው መንገድ ፊታቸውን አዙረው ቆመዋል። ለምን እንደሆነ ሳታውቅ ታርጋቸውን አነበበች።

«ከወደቡ የመውጫው ፈቃድስ? የሚከለክሉት እውነት ነው?»

«መጀመሪያ እውነት ነበር» አለ ጀማሉዲን። «አሁን አልጠየቅሁትም። ልጠይቅልሽ?»

«አይ። ይተዉት።»

«ተቀየምሽኝ?»

«አልተቀየምኩም። ጥሩ አድርገው ነው የጨመሩት። አላህ ይስጥልኝ።»

ማታ ፈንታሁንን ቤቱ ደጃፍ ላይ አገኘችው። «ኮምቦልቻን ያዝ» አለችው።

«ምነው? ተጣላሽ?»

«ከማን ጋር?»

«ምን ዐውቄ። ከሙቀቱ ጋር።»

ሸሪፋ ልጇ ቢስቲማ እንደምትሄድ ስትነግራት «አስፋልት የለውም አይደል?» ብላ ጠየቀች።

«የለውም።»

«ጋቢሽን ያዢ እንግዲህ» አለች፤ ተነሥታም ራሷ አጠፈችላት።

ዐሊማ ቢስቲማ ገባች። ማስተማሩን ቶሎ ለመደች። አማርኛም አትከለክልም፤ ልጅ ሲጨንቀው ይናገር፣ ከዚያ አብረን እናሻግረዋለን ትላለች። የሚመጣ ተቆጣጣሪ እርሳስ አያንኳኳም። በሚቀጥሉት ዓመታት ጀማሉዲንን ደሴ ላይ አንድ ሁለት ጊዜ አግኝታዋለች፤ ስለ ጎማና ስለ ጤና አወሩ። እሱም ሰላምታ አልጨመረም። ደሴ በሄደች ቁጥር ግን በአረብ ገንዳ በኩል ታልፋለች። ሱቁ የቀበሌ መጋዘን ነው። አንድ ሰው ከኋላዋ «ጠብቅ!» ብሎ ሲጣራ ዛሬም ዞር ትላለች፣ በወንድ አንቀጽ ቢሆንም። ይልቁንም በወንድ አንቀጽ ስለሆነ።

በሦስተኛው ዓመት ያው ምንባብ ደረሰ። አንድ ልጅ አስነሥታ ከበር ውጭ አቆመች፤ ባዶውን የወንበር ጫፍ አሳየች። የቢስቲማ ልጆች ፈጣኖች ናቸው፤ ቶሎ ገባቸው። ጀሊላ የምትባል ከፊት የምትቀመጥ ልጅ ግን በአዲስ ቃል ሰው መመርመር ትወዳለች።

ቲቸር፣ አንቺስ የምትናፍቂው ሰው አለ? አለች በእንግሊዝኛ፣ ቃላቱን አንድ በአንድ እየለቀመች።

«የስ» አለች ዐሊማ። «አይ ሚስ ማይ ፋዘር።»

ክፍሉ በአንድ ድምፅ ተቀበለ።

ጀሊላ አልተቀመጠችም። ዐረፍተ ነገሩን ወዲያው ገልብጣ ልትሞክረው ነው፤ ከንፈሯ ሲለማመድ ይታያል።

«ኤንድ ዩር ፋዘር? ሂ ሚስስ ዩ?»

እሱስ? አንቺ ትናፍቂዋለሽ? «ስ»ዋን አልረሳችም። ዐሊማ ጠመኔውን ከአንድ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች። ተማሪዎቿን የምታስገድዳቸው አንድ ነገር አለ፤ መልስ ሁሉ ሙሉ ዐረፍተ ነገር መሆን አለበት።

«አይ ዶንት ኖው» አለች። አላውቅም።

ልጆቹ ልምምድ መሰላቸው።

«አይ ዶንት ኖው!» አሉ በአንድ ድምፅ። አጠራራቸው ደህና ነበር። ዐሊማ አላስቆመቻቸውም፤ ሁለተኛ ጊዜ ሲደግሙትም አብራቸው አለች።